23.5 እና 7.4፦ «ፕሮጄስትሮንሽ ወረደ» ለተባለችው የአዘዞ እህት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? ዕድሜዬ 34 ነው። ጎንደር አዘዞ ነው የምኖረው። ካገባሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ፣ ልጅ የለኝም። የወር አበባዬ የሚመጣው በ35 ቀን ገደማ ነው። አምና በ21ኛው ቀን ደም ሰጥቼ ፕሮጄስትሮን 0.8 ሆነና «ሆርሞንሽ ዝቅተኛ ነው» ተባልኩ። ዘንድሮ አዲስ አበባ አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ ማዳቀል) ጀመርኩ። በበረዶ የቆየው ሽል ሊቀመጥልኝ ቀን ተያዘ። ከመሄዴ በፊት እዚህ ስመረመር 23.5 ነበር። ሁለት ቀን ቆይቼ አዲስ አበባ ስመረመር 7.4 ሆነ! ሐኪሙ በብልቴ በኩል ከማስገባው እንክብል ላይ በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ጨመረልኝና ሽሉ ተቀመጠ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። በሁለት ቀን ሆርሞኔን እንዲህ ያወረደው ምንድን ነው? በረራው ይሆን? እዚህ ድጋሚ ልመርመር? እንክብሉ ደግሞ መልሶ ይፈሳል። ጾምም ላይ ነን። አማቴ አብሽ ጠጪ፣ ጠበል ጠጪ ይሉኛል። የሁለቱንም ወረቀት ፎቶ ልኬያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ወረቀቶቹን እንይ። ሌላው ይደርሳል።

ፎቶዎቹን በስልኬ አጉልቼ አየኋቸው። የጎንደሩ ወረቀት ላይ 23.5 የሚለው በደማቁ ተጽፏል። ከጎኑ፣ ወረቀቱ የታጠፈበት መስመር ላይ፣ ሊጠፋ ትንሽ የቀረው ጽሑፍ አለ። ሲነበብ «ናኖሞል በሊትር» ነው። የአዲስ አበባው 7.4 ጎን ያለው ደግሞ «ናኖግራም በሚሊ ሊትር» ይላል። መለኪያቸው አንድ አይደለም። አንድ ናኖግራም በሚሊ ሊትር ማለት 3.18 ናኖሞል በሊትር ማለት ነው። እስቲ ስልክሽን አውጪና 23.5ን ለ3.18 አካፍዪው። 7.4 ይሰጥሻል።

አልወረደም። አንድ ኩንታል ጤፍ መቶ ኪሎ ነው እንደማለት ነው። ቁጥሩ ተለወጠ እንጂ ጤፉ አልጎደለም። በረራው ምንም አላደረገሽም፣ አንቺም ምንም አላጠፋሽም። ውጤት ሲሰጥ መለኪያውን በቃል የሚናገር ሰው ቢኖር ኖሮ ይሄን ሁሉ ቀን ስትብሰለሰዪ ባልከረምሽ ነበር። ይሄ የእኛ የባለሙያዎች ጉድለት ነው፣ እኔንም ጨምሮ።

ከዚህ የሚብሰው ስህተት ግን ሌላ ነው። «ሆርሞኔ ወረደ» ብለሽ ጽፈሻል። በዚህ ዙር የተለካው ያንቺ ሆርሞን አይደለም። የመድኃኒቱ ነው።

ላስረዳሽ። በተለመደው ወር እንቁላል ከኦቫሪ (ከእንቁላል ቋቱ) ስትወጣ፣ የወጣችበት ቦታ ላይ ቢጫ ነገር ይቀራል። ኮርፐስ ሉቲየም ይባላል። ፕሮጄስትሮን የሚያመርተው እሱ ነው። ሥራው የማህፀንን ግድግዳ ሽል እንዲቀበል ማዘጋጀት ነው። እርግዝና ከመጣ እስከ ሰባትና አስር ሳምንት ገደማ ይሠራል። ከዚያ ሥራውን እንግዴ ልጁ ይረከበዋል። እርግዝና ከሌለ ይከስማል፣ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይመጣል።

አንቺ ግን መጀመሪያ የኤስትሮጅን ኪኒን እየዋጥሽ ነው የማህፀንሽ ግድግዳ የወፈረው። በዚህ ዓይነት ዝግጅት ብዙ ጊዜ እንቁላል አይወጣም። እንቁላል ካልወጣ ኮርፐስ ሉቲየም የለም። ኮርፐስ ሉቲየም ከሌለ ደግሞ ያንቺ የሚባል ፕሮጄስትሮን ከኢምንት አይበልጥም፣ አይጠበቅምም። በደምሽ ውስጥ የተገኘችው 7.4 ከእንክብሉ የገባች ናት። ስለዚህ «ዝቅ አለ» ማለት የመድኃኒቱ መጠን ወይም ወደ ደም የገባው ድርሻ አነሰ ማለት ነው። ሰውነትሽ ሰነፈ ማለት አይደለም። መድኃኒት ሲያንስ ይጨመራል። ሐኪምሽም ያደረገው ይሄንኑ ነው።

የአምናው 0.8ም እንደዚሁ ነው። «የ21ኛው ቀን ምርመራ» የሚባለው ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። ምርመራው የሚሠራው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ ሰባት ቀን ሲቀረው ነው። በ28 ቀን ለምታይ ሴት ይሄ ቀን 21ኛው ላይ ይውላል። አንቺ በ35 ቀን ነው የምታዪው። ያንቺ ቀን 28ኛው ነበር። በ21ኛው ቀን እንቁላልሽ ገና ልትወጣ ጫፍ ላይ ነበረች ማለት ነው። በዚያ ሰዓት የማንም ጤነኛ ሴት ፕሮጄስትሮን ዝቅ ያለ ነው። በትክክለኛው ቀን ተለክቶ ከ3 ናኖግራም በላይ ሲሆን እንቁላል ወጥቷል እንላለን። በዚያ ጊዜ እንኳ ሆርሞኑ የሚለቀቀው እየተቆራረጠ ስለሆነ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ እጥፍ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ጠዋት የተቀዳውና ከሰዓት የተቀዳው ላይገጥሙ ይችላሉ። እርግጥ በትክክለኛው ቀን ተለክቶ በተደጋጋሚ ዝቅ ካለ ምክንያት ይፈለጋል። እንቁላል የማይወጣበት ፒሲኦኤስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን) መብዛት፣ በጣም መክሳት ይታያሉ። ያንቺ ግን በትክክለኛው ቀን አልተለካም። ዓመት ሙሉ የተሸከምሽው «ሆርሞኗ ዝቅተኛ» የሚል ስም መነሻው ይሄ ነው።

አሁን ወደ 7.4። ዝቅ ያለ ነው ወይ? አዎ፣ ትንሽ ዝቅ ብሏል። አልዋሽሽም። እንዳንቺ በኪኒን በተዘጋጀ ዙር፣ ሽሉ በሚቀመጥበት ሰሞን በደም ውስጥ 10 ናኖግራም አካባቢ እንዲኖር የሚፈልጉ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ከዚያ በታች የሆኑ ሴቶች ላይ የማርገዝ ዕድሉ እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። መስመሩን ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ አያሰምሩትም። አንዱ 8 ሲል ሌላው 11 ይላል። የሚያጽናናው ነገር ይሄ ነው፦ በጊዜ ተደርሶባቸው መርፌ የተጨመረላቸው ሴቶች ውጤት ከሌሎቹ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ የተገኘባቸው ጥናቶች በርካታ ናቸው። አንቺ ደግሞ የተጨመረልሽ ሽሉ ሳይቀመጥ ነው።

እንክብሉ ይፈሳል ላልሽው፣ የሚፈሰው በብዛት ቅርፊቱና ዘይቱ ነው። መድኃኒቱ የሚፈልገውን ያህል ጊዜ ካገኘ ገብቷል። አስገብተሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋደም በዪ። ከዚያ ተነሥተሽ ሥራሽን ሥሪ። በብልት በኩል የሚገባ ፕሮጄስትሮን አንድ ጠባይ አለው። በቀጥታ ወደ ማህፀን ስለሚሄድ ደም ውስጥ የሚታየው ትንሽ ሆኖ ማህፀን ውስጥ ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት በቀጥታ በጓሮ በር ሲገባ ከዋናው መንገድ ላይ እንደማናየው ነው። የደሙ ቁጥር ብቻውን ሙሉ ወሬውን የማይነግረን አንዱም ለዚህ ነው። ሁለት ጊዜ የምታስገቢ ከሆነ ሰዓቱን አራርቂው፤ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ይመቻል። አንዱን ከረሳሽ እንዳስታወስሽ አስገቢ። እጥፍ አታድርጊ። ለክሊኒኩም ደውለሽ ንገሪያቸው።

መርፌው ላይ ግን ቆም ልበል። ሴቶችን የሚያስመርረው እሱ ነውና። ዘይት ነው፤ ወፍራም ነው፤ በየቀኑ ነው። ሳምንት ሳይሞላ መቀመጫ ላይ ጓል ጓል ይሠራል። ነርሷ ከመውጋቷ በፊት ብልቃጡን እጅሽ ውስጥ ጨብጠሽ ደቂቃዎች ያህል አሙቂው። ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሲገባም ሕመሙ ይቀንሳል። ዛሬ በቀኝ ከሆነ ነገ በግራ። የሚወጋው የመቀመጫው የላይኛው የውጭ ጎን ላይ ነው፤ ወደ መሃል አይጠጋም። ከተወጋሽ በኋላ በእጅሽ እሺው፣ ትንሽ ተራመጂ። ማታ ሞቅ ያለ ፎጣ ጣል አድርጊበት። እጢው ከቀላ፣ ካቃጠለ፣ ትኩሳት ካመጣ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ያንለት ታዪ። ዘይቱ ብዙ ጊዜ የሰሊጥ ነው። በመተማና በሁመራ ሰሊጥ አገር ሰሊጥ አይስማማኝም የሚል ሰው ብዙ ባላገኝም፣ የሚያሳክክሽ ወይም የሚያሳብጥሽ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ። የለውዝ ዘይት ያለባቸውም አሉ።

የጎንደር ሰው ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር። የቀን መቁጠሪያ አውጪና በዓላቱን አስቀድመሽ እያቸው። አንዲት ታካሚዬ በከተራ ዕለት መርፌዋ ቀረባት። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ እየወረዱ መንገዱ ሁሉ በሰው ተሞልቶ፣ ባጃጅ የለ፣ የምትወጋበትም ክሊኒክ ዘግቷል። ማታ ደውላልኝ እያለቀሰች ነበር። በእግሯ ወደ ሰፈሯ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሌሊት ተወጋች፣ ነገሩም በሰላም አለፈ። አንቺ ግን እንዲህ አትጨነቂ። በእሑድና በበዓል ቀን ማን እንደሚወጋሽ ዛሬውኑ ጠይቂ። አዘዞ ውስጥ የምታውቂያት ነርስ ካለች ስልኳን ያዢ።

መድኃኒቱንም ቁጠሪው። የያዝሽው ለስንት ቀን ይበቃል? ውጤቱ ካማረ እስከ አስርና አስራ ሁለት ሳምንት ድረስ ትቀጥያለሽ። አንዳንዴ እዚህ መድኃኒት ቤት የለም ይባላል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ገዝቶ እስኪልክ ሁለት ሦስት ቀን ይበላል። ሊያልቅ አስር ቀን ሲቀረው ፈልጊ። «ይሄም ያው ነው» ተብሎ በሚሰጥሽ ነገር እንዳትለውጪው አደራ። ፕሪሞሉት ፕሮጄስትሮን አይደለም፤ የወር አበባ ለማዘግየት የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ነው። ዴፖ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ የሦስት ወሩ መከላከያ ነው። ስማቸው በአንድ ቤተሰብ ይጠራ እንጂ ሥራቸው አይገናኝም። ዱፋስተን የሚባለው ኪኒን ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በፕሮጄስትሮን የደም ምርመራ ላይ አይታይም። እሱን ብቻ እየወሰደች ተመርምራ «ፕሮጄስትሮኔ ዜሮ ሆነ» ብላ እንባዋን ያፈሰሰች ሴት አጋጥማኛለች።

ድጋሚ ልመርመር ወይ? እኔ አትመርመሪ ባይ ነኝ። መርፌ ከጀመርሽ በኋላ ቁጥሩ እንደተወጋሽበት ሰዓት ይለያያል። ቁጥሩ ዝቅ ቢል መርፌው ተጨምሯል። ከፍ ቢል «በቃኝ» ብለሽ መርፌውን እንዳታቆሚ እፈራለሁ። ያከመሽ ሐኪም አዝዣለሁ ካለ ግን አድርጊ። በአንድ ላብራቶሪ፣ በአንድ ሰዓት፣ መለኪያውን እያነበብሽ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የምትወስጂ ከሆነም ንገሪያቸው። አንዳንድ የሆርሞን ምርመራ ላይ ቁጥር ያዛባል።

ጾሙን በተመለከተ፣ እንክብሉም መርፌውም ሆድሽ ባዶ ይሁን ሙሉ ግድ የላቸውም። የሚቸግረው የምትውጪው የኤስትሮጅን ኪኒን ነው። ጠዋት የታዘዘውን እስከ 9 ሰዓት ማቆየት አይቻልም። የንስሐ አባትሽን አማክሪ። መድኃኒት ላይ ላለች ሴት መፍትሔ የማይሰጥ የንስሐ አባት እኔ አላጋጠመኝም። ሽሮና ምስር ላይ ከሆነ ችግሩ፣ ምንም አይልሽም።

አማትሽ ክፉ አላሰቡም። አብሽና ተልባ ምግብ ናቸው፤ ለሆድ ድርቀቱ ተልባው ይረዳሽ ይሆናል። ፕሮጄስትሮን ግን አይጨምሩም። ኮርፐስ ሉቲየም በሌለበት ዙር የሚጨምረው ምግብ ከየት ይመጣል? ከቅዳሜ ገበያ የሚመጣ ሥር ቅጠልን ግን ጭራሽ አትሞክሪ። ምን እንዳለበት ማንም አያውቅም። ጠበሉን በእምነትሽ ተጠመቂ፣ ቅመሽም። እስኪያስመልስና እስኪያስቀምጥ ድረስ መጠጣት ግን አሁን ይቅርብሽ። የዋጥሽው ኪኒን አብሮ ይወጣል። «ጠበል ከጀመርኩ መድኃኒት አቆማለሁ» የሚል ሐሳብ ካለም ተይው። ሁለቱ አይጣሉም።

ከአዘዞ እስከ ፒያሳ በባጃጅ መንገጫገጭሽ ሽሉን አያወርደውም። የማህፀን ግድግዳዎች እርስ በርስ የተጣበቁ ናቸው። ሁለት ትኩስ እንጀራ ተደራርቦ መሃል ላይ የገባች የጤፍ ፍሬ ብትነቀንቂው ትወድቃለች? እንደዚያ ነው። ተኝቶ መዋልም ዕድሉን አይጨምርም። ወገብ ያሳምማል እንጂ። ከባድ ነገር አታንሺ፣ የቀረውን ኑሪ።

ምልክት መቁጠሩ ላይ ደግሞ ልጠንክርብሽ። ጡት ያማል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ሆድ ይነፋል፣ ይደርቃል። ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ፕሮጄስትሮኑ ራሱ ነው። ስላለ አረገዝሽ አይባልም፣ ስለጠፋም አላረገዝሽም አይባልም። የወር አበባሽ መቅረትም ማረጋገጫ አይሆንም፣ መድኃኒቱ ይዞት ሊቆይ ይችላል። በተቃራኒው ትንሽ ደም ጠብ ቢል «በቃ ሄደ» ብለሽ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ። ካረገዙት ውስጥ ጠብ ያለባቸው ብዙ ናቸው። ደውዪና እየወሰድሽ ጠብቂ።

አንድ ጥያቄ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ከደብዳቤሽ ጀርባ ይታየኛል። «ፕሮጄስትሮኔ ካነሰ ይጨነግፍብኛል ወይ?» በተፈጥሮ በመጣ እርግዝና ላይ ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጽንሱ ቀድሞ ጤና ሲያጣ ፕሮጄስትሮኑ ይወርዳል። እንግሊዝ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደም የታያቸው 4,153 ሴቶች ላይ ተሞክሮ በ2019 ታትሟል። ፕሮጄስትሮን ከወሰዱት 75 ከመቶ፣ ባዶ እንክብል ከወሰዱት ደግሞ 72 ከመቶ ልጃቸውን በሕይወት ወልደዋል። ጥቅሙ ጎላ ብሎ የታየው ከዚያ በፊት ጨንግፎባቸው በነበሩት ላይ ነው። እነዚያ ሴቶች የራሳቸው ኮርፐስ ሉቲየም ያላቸው ናቸው። ያንቺ ዙር የተለየ ነው፤ ላንቺ መድኃኒቱ ድጋፍ ሳይሆን ዋናው ራሱ ነው። ስለዚህ ሌላ ሴት «እኔ አቁሜው ምንም አልሆንኩም» ብትልሽ እሷ እሷ ናት።

ማርገዝሽን የሚያሳየው የደም ምርመራ ቤታ የሚባለው ነው። የሰጡሽ ቀን 12ኛው ከሆነ 12ኛውን ጠብቂ። የሽንቱን ምርመራ በሰባተኛውና በስምንተኛው ቀን እየገዛሽ አንድ መስመር እያየሽ አታልቅሺ። ቤታው ከታየ በኋላ በ48 ሰዓት ይደገማል፣ መጨመሩ ይታያል። ስድስትና ሰባት ሳምንት ላይ አልትራሳውንድ አለ። ይሄ ሁሉ እዚሁ ጎንደር ይሠራል፤ ለእሱ ብለሽ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አትመላለሺም። እርግዝና ካልታየም፣ መድኃኒቱን የምታቆሚው ሐኪምሽ አቁሚ ሲልሽ ነው። ካቆምሽ በኋላ በቀናት ውስጥ የወር አበባሽ ይመጣል።

በመካከል ደም ፓድ እያራሰ ከፈሰሰ፣ በአንድ ጎን የሚያፈርጥ ሕመም ከመጣ፣ ትከሻሽን ካመመሽ፣ ራስሽን ካዞረሽ፣ ሌሊት ቢሆንም የባልሽን እጅ ይዘሽ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቢ። በአይቪኤፍም ቢሆን ጽንስ ከማህፀን ውጭ ሊቀመጥ ይችላል። ፕሮጄስትሮኑ ይሄን አይከላከልም።

እስከዚያ ግን እታለም፣ ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አጥፈሽ ፋይልሽ ውስጥ አስገቢያቸው። አማትሽ «ሆርሞንሽ ወረደ አሉ?» ቢሉሽ ስልክሽን አውጥተሽ ማካፈሉን አሳዪያቸው። የቤታውንም ውጤት ስትቀበዪ ወረቀቱን ለእኔ ላኪልኝ። ፎቶውን ስታነሺ ቁጥሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አትቁረጫት።